መርከብ ላይ ሆኖ ለመመለሻ በረራ ቼክ ኢን፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባሕር ዳር የትኬት ሥራ ላይ ነው የምውለው። ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ በርክቷል። ውጭ ያሉ ልጆች እናት አባታቸውን አስመጥተው በክሩዝ መርከብ ያዝናናሉ። ሳምንቱ ያልቅና መርከቡ ጠዋት ወደብ ላይ ያወርዳቸዋል። አውሮፕላኑ የዚያኑ ቀን ነው። ቼክ ኢኑ (በረራው ላይ እንዳሉ በኢንተርኔት ቀድሞ ማስመዝገቡ) ግን የሚከፈተው ገና ባሕር ላይ ሳሉ ነው። እዚህ ያለው ቤተሰብ ይጨነቃል፣ እዚያ ያሉት ይጨነቃሉ። ስለዚህ ያላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ። በመጣልኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ እናቴ እሑድ ጠዋት ሮም አጠገብ ቺቪታቬኪያ ወደብ ትወርዳለች። በረራዋ የዚያው ዕለት ማታ ነው። መርከቡ ላይ ዋይፋይ አልገዛንላትም። እንዴት ቼክ ኢን ታድርግ?

ወንድሜ፣ እሷ ምንም አታድርግ። አንተ እዚያው ማርቆስ ሆነህ ጨርስላት። ቼክ ኢን የሚፈልገው ኔት ያለው ሰው ነው። የግድ ተጓዡ ራሱ መሆን የለበትም። የሚያስፈልግህ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የቡኪንግ ኮድ ነው። እሱ ከሌለ 13 አሃዝ ያለው የትኬት ቁጥር ይሠራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ከሆነ ቁጥሩ በ071 ይጀምራል። ስሟን ትኬቱ ላይ እንደተጻፈው ታስገባለህ። የፓስፖርት ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀንም ይጠይቅሃል። ስለዚህ ወላጆቻችሁ ከቤት ሳይወጡ የፓስፖርታቸውን የፎቶ ገጽ ስልካችሁ ላይ አስቀሩ።

ቦርዲንግ ፓሱ፣ ማለትም የመሳፈሪያ ወረቀቱ፣ አንተ ጋ ይመጣል፣ እሷ ጋ ላይደርስ ይችላል። በሱ አትጨነቅ። ቼክ ኢኗ ካለቀ ካውንተር ላይ ፓስፖርቷን ስታሳይ ያትሙላታል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ርካሾቹን የአውሮፓ አየር መንገዶች ለሚይዝ ሰው ነው። ለምሳሌ ራያንኤር በኦንላይን ቼክ ኢን ሳያደርግ የመጣን ሰው ኤርፖርት ላይ እስከ 55 ዩሮ ያስከፍላል። ለእናት የሚሆን ገንዘብ ለዚህ ሲወጣ ያሳዝናል።

ኮዱን ግን ለዘመድ ሁሉ አትበትን። ኮዱንና ስሟን የያዘ ሰው ገብቶ ጉዞዋን ሊነካካው ይችላል። ቦርዲንግ ፓስን ፌስቡክ ላይ መለጠፍም ያው ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ 24 ሰዓት ሲቀረው ይከፈታል ይላሉ። በማን ሰዓት? በመርከቡ፣ በጣሊያን ወይስ በኛ?

ዋናው ጉዳይ ይህ ስለሆነ ልቆይበት። የሚቆጠረው አውሮፕላኑ በሚነሳበት ከተማ ሰዓት ነው። የመርከቡን ሰዓት እርሱት። ካፒቴኑ መንገድ ላይ ሊቀይረው ይችላል። ስልክም ከባሕሩ ዳር ያገኘውን ኔትወርክ ተከትሎ በራሱ ይቀየራል። አንድ ካቢን ውስጥ የግድግዳው ሰዓት ሌላ፣ የስልኩ ሌላ፣ እኛ ለምደነው የሄድነው ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። መርከቡ ላይ ለምግብና ለመሳፈር የመርከቡን ሰዓት ይከተሉ። ለአውሮፕላኑ ግን የኤርፖርቱን ከተማ ብቻ።

የማርቆሷን እናት ጉዞ እንውሰድ። በረራው እሑድ 23፡00 ነው እንበል። በኛ አነጋገር በጣሊያን ከምሽቱ 5 ሰዓት ማለት ነው። ቼክ ኢኑ ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ይከፈታል። በኛ ከመጋቢት 20 አካባቢ እስከ ጥቅምት 20 አካባቢ ጣሊያን ከኛ 1 ሰዓት ወደኋላ ናት። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ላይ ሌሊት 6 ሰዓት ይሆናል። በቀሪዎቹ ወራት ልዩነቱ 2 ሰዓት ስለሆነ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነው። ከማያሚ ጋር እንደ ወሩ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። እኛ ዓመቱን ሙሉ ሰዓት አንቀይርም። የሚቀይሩት እነሱ ናቸው፣ ግራ መጋባቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

በዚያች ደቂቃ መነሳት ግዴታ አይደለም። ጠዋት ተነስታችሁ ብታደርጉትም ይደርሳል። መስኮት አጠገብ ወይም አንድ ላይ መቀመጥ ለሚፈልጉ ግን ቀድሞ መግባት ይጠቅማል።

ሁሉም በ24 ሰዓት አይከፍቱም። ኤምሬትስና ኳታር 48 ሰዓት ሲቀር ይከፍታሉ። ይህ ለመርከብ ተጓዥ ትልቅ ነገር ነው። ከመጨረሻው ወደብ ቀድሞ ባለው ከተማ ሲወርዱ፣ ካፌ ቁጭ ብሎ በነፃ ዋይፋይ መጨረስ ይቻላል።

ከዳንግላ፦ የአባቴ ትኬት «ሜይ 12፣ 00፡45» ይላል። ግንቦት 4 ብለን ይዘነዋል። ልክ ነን?

እህቴ፣ ይህን በመጠየቅሽ እግዜር ይስጥልኝ። ሜይ 12 ግንቦት 4 መሆኑ ልክ ነው። ነገር ግን 00፡45 ማለት ከእኩለ ሌሊት 45 ደቂቃ ያለፈ ነው። በኛ አባባል ለግንቦት 4 አጥቢያ፣ ሌሊት 6፡45። አባታችን ግንቦት 3 ማታ ኤርፖርት መገኘት አለባቸው። ግንቦት 4 ማታ ከሄዱ አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ገብቶ ውሏል። ቼክ ኢኑም ለግንቦት 3 አጥቢያ ይከፈታል ማለት ነው።

እኔ ለትልልቅ ሰዎች ትኬት ስሰጥ ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእጄ እጽፋለሁ። «ግንቦት 3 ከምሽቱ 2 ሰዓት ከማረፊያችሁ ውጡ» እላለሁ። የበረራውን ሰዓት ማስታወስ የነሱ ሥራ መሆን የለበትም። የሚወጡበትን ሰዓት ካወቁ ይበቃል።

ከቢቸና፦ ኮዱን አስገብቼ «ስሙ አልተገኘም» ይለኛል።

የመጨረሻ ስም በሚለው ቦታ የአባትህን ስም አስገብተህ ይሆናል። በኛ ፓስፖርት ብዙ ጊዜ እዚያ የሚገባው የአያት ስም ነው። ትኬቱን ተመልከት፣ ከ/ ምልክቱ በፊት ያለውን ስም ፊደል ሳትቀይር ጻፍ። የትኬቱ ስም ከፓስፖርቱ የተለየ ከሆነ ደግሞ ሳይሳፈሩ አስተካክሉት። ከባሕር ላይ ስልክ እየደወሉ ስም ማስተካከል ከባድ ነው።

ከመርከብ ላይ፣ የሞጣ ልጅ፦ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ። ከክሩዙ በቀጥታ አገር ቤት ልገባ ነው። ቼክ ኢን ሳደርግ «ካውንተር ቀርበህ ሰነድ አሳይ» አለኝ። ችግር አለ?

የለም። አየር መንገዱ የመግቢያ ሰነድ የሌለው ሰው ጭኖ ከሄደ ራሱ ይቀጣል። ስለዚህ ቪዛህን ወይም ቢጫ ካርድህን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያህን) በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ቢጫ ካርድ ካለህ ቪዛ አያስፈልግህም፣ ግን ካርዱ በእጅህ ይሁን። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገባው። ከበረራው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ቀድመህ ኤርፖርት ድረስ።

ስልክህን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገህ ዋይፋይ ብቻ ክፈት። የመርከቡ የሞባይል ኔትወርክ በሳተላይት ስለሆነ የሮሚንግ ሂሳቡ ያስደነግጣል። ብዙ መርከቦች ዋይፋይ በቀንም ይሸጣሉ። ለቼክ ኢን ከሆነ የአንድ ቀኑ ይበቃሃል። ሪሴፕሽን ጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ ቦርዲንግ ፓስ ያትማሉ።

በዚሁ አጋጣሚ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ለምትጓዙ፦ መርከቡ ከጣሊያን ተነስቶ ቱርክ ወይም ቱኒዚያ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ከሸንገን (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ወጥታችሁ ነው እንደገና የምትገቡት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይሆንም። ይህን ክሩዙ ሳይከፈል በፊት አረጋግጡ። አንዳንድ መርከቦች ፓስፖርት ሲሳፈሩ ተቀብለው ያስቀምጣሉ። ከመውረጃው ቀን በፊት መመለሱን ጠይቁ።

አንድ አባት ከደጀን፦ በመጨረሻው ማታ ሻንጣ ከክፍል ውጭ አውጡ ይላሉ አሉ። እንዴት ሜዳ ላይ ይተዋል?

አባቴ፣ አይስጉ። ሥርዓቱ ነው። ባለቀለም ታርጋ ይሰጥዎታል፣ ሻንጣው ላይ ያስሩታል። ማታ በር ላይ ያስቀምጡታል፣ ሠራተኞች ይሰበስቡታል። ጠዋት ወደቡ አዳራሽ ውስጥ በታርጋው ቀለም ያገኙታል። ግን ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ መነጽር፣ የስልክ ቻርጀርና ጠዋት የሚለብሱት ልብስ ሻንጣው ውስጥ እንዳይገባ። ጋቢዎን እጅዎ ላይ ይያዙ፣ የጠዋቱ የወደብ አየር ይበርዳል። ሻንጣዎ ቀላል ከሆነና ራስዎ መያዝ ከቻሉ ሳይሰጡ ይዘው መውረድም ይፈቀዳል። እንዲያውም ቀድመው ይወርዳሉ።

ከመራዊ፦ ቼክ ኢን አድርገን መርከቡ ቢዘገይስ?

ይህ ነገር ይደርሳል። ጉም ወይም ነፋስ ካለ መርከብ ወደብ ላይ በሰዓቱ ላይገባ ይችላል። ቼክ ኢን ያደረገ ሰው በረራው ላይ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ እንደማትደርሱ ባወቃችሁበት ቅጽበት፣ አውሮፕላኑ ሳይነሳ፣ ለአየር መንገዱ ወይም ትኬቱን ለቆረጠላችሁ ቢሮ ደውሉ። መጀመሪያ ቼክ ኢኑ ይነሳል፣ ከዚያ ትኬቱ ይቀየራል። ዝም ብሎ የቀረ ሰው ቅጣት አለበት። ትኬቱ ሮም፣ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ተብሎ በአንድ ላይ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ሲቀር ተከታዩም ይሰረዛል። ባሕር ዳር የሚያደርሰውን ለብቻ አለ ብላችሁ እንዳትጠብቁ።

የአውሮፕላን ትኬቱን ክሩዝ ኩባንያው ራሱ ከቆረጠው በሌላ በረራ ለማሳፈር አብሮ ይሯሯጣል። ለብቻ ከገዛችሁት ግን ኃላፊነቱ የናንተ ነው።

ከባሕር ላይ፦ ባቦጋያ ካለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ ተመርቄ የጭነት መርከብ ላይ እሠራለሁ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው። ራሴ ቼክ ኢን ላድርግ?

አትቸኩል ወንድሜ። ያንተ ትኬት የባሕረተኛ ትኬት ነው። ኩባንያው ይቆርጠዋል፣ የወደቡ ኤጀንት ይከታተለዋል። የጭነት መርከብ ወረፋ ጠብቆ ስለሚገባ መውረጃህ በቀናት ሊንሸራተት ይችላል። እንዲህ ያለው ትኬት በቀላሉ የሚቀየረውም ለዚህ ነው። አንተ ቀድመህ ቼክ ኢን ካደረግህ ኤጀንቱ ለመቀየር ይቸገራል። መሬት እስክትረግጥ ጠብቅ። ካውንተር ላይ ፓስፖርት፣ ሲማን ቡክ (የባሕረተኛ መታወቂያ ደብተር) እና የኩባንያው ደብዳቤ ያስፈልጉሃል። የሻንጣውን ኪሎም ትኬቱ ላይ አንብብ፣ ለባሕረተኛ ብዙ ጊዜ ከሌላው መንገደኛ ይጨመራል። ቤተሰብህ ናፍቆ እንደሚጠብቅህ አውቃለሁ። በሰላም ግባ።

ከባሕር ዳር፣ የጀልባ ባለቤት፦ እንግዶቼ ጠዋት ገዳማትን አይተው ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ። ምን ልበላቸው?

ጀልባው ላይ ሳይወጡ ሆቴላቸው ውስጥ ቼክ ኢን ይጨርሱ በላቸው። ሐይቁ መሐል ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። ከተማውም ውስጥ ኔት የሚጠፋበት ቀን አለ። ዘጌ ሄዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ መመለስ ለከሰዓት በረራ ይመቻል፣ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ። ጣና ከሰዓት ነፋስ ይነሳበታል፣ ሞገዱ ጀልባውን ያዘገየዋል። ይህን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፣ ለእንግዳው ግን ንገረው። ደቅ ደሴት ያለችውን ናርጋ ሥላሴን በበረራቸው ቀን አትሽጥላቸው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ውብ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ሙሉ ቀን ይገባታል። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ከከተማው ብዙም አይርቅም፣ ፍተሻው ግን ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ።

የዘጌ ቡና በእጅ ሻንጣ ችግር የለበትም። ማር የገዛ ግን በሚጫነው ሻንጣ ያስገባው። ወደ ውጭ በሚበሩበት ጊዜ ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ አያሳልፉትም።

ከደብረ ማርቆስ፣ ሌላ ጠያቂ፦ ትኬት ገና ልንቆርጥ ነው። መርከቡ ጠዋት 1 ሰዓት ይደርሳል። የስንት ሰዓት በረራ እንያዝ?

መርከቡ 1 ሰዓት ደረሰ ማለት እናንተ 1 ሰዓት ወረዳችሁ ማለት አይደለም። በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ ነው የሚወርደው፣ እስከ ጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ይቆያል። ከቺቪታቬኪያ እስከ ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ደግሞ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ አየር መንገዶች ለውጭ በረራ ሻንጣ መቀበል የሚያቆሙት 60 ደቂቃ ሲቀር ነው። ስለዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት የሚነሳ በረራ አትያዙ። ወደ አዲስ አበባ የሚመጡት ብዙዎቹ የአውሮፓ በረራዎች ማታ ስለሆኑ ይህ አያስቸግራችሁም። የሚያስቸግረው ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ይዞ መጠበቅ ነው። ካውንተሩ የሚከፈተው 3 ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነውና ሻንጣ በክፍያ የሚቀመጥበት ቦታ ቀድማችሁ ፈልጉ። ከወላጆች ጋር ከሆናችሁ ለአንድ ቀን የሆቴል ክፍል ያዙላቸው፣ ጋደም ብለው ይሂዱ።