አውራ ጣትሽን ለወጌሻ አትስጪ፤ እኔ ሰጥቼ አምስት ወር ተንገላትቻለሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን የ2016 ጥር የማነብ መሰለኝ። «የቀኝ አውራ ጣቴ ሥር እስከ አንጓዬ ድረስ ያመኛል፣ ሌሊት ሌሊት በስልክ መልእክት ስመልስ ይብስብኛል፣ አራስ ነኝ፣ ሰው ሁሉ ወጌሻ ጋ ሂጂ ይለኛል፣ ልሂድ ወይ?» ነው ያልሽው። ከሥሩ ብዙ ሰው «ታሺ፣ ይለቅሻል» ብሎሻል። እኔ አትሂጂ እላለሁ። ይረዝማል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ሌሊት መልእክት የምትመልሺ ከሆነ አንቺም እንደኔ በቴሌግራም የምትሸጪ መሆን አለብሽ። እኔ የልጆች ልብስና ጫማ ነው የምሸጠው። ልጄን በግራ ክንዴ ታቅፌ እያጠባሁ፣ በቀኝ እጄ ብቻ ያን ትልቅ ስልክ ይዤ፣ በአንድ አውራ ጣት «አለ»፣ «ቁጥር 24 አልቋል»፣ «ቦሌ እናደርሳለን» እያልኩ አነጋ ነበር። አማርኛ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ለአንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለቴ እንነካለን፣ መጀመሪያ ግዕዙን ከዚያ ካዕቡን ወይ ሳልሱን። ጣቴ በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ ከስልኩ ጫፍ እስከ ጫፍ እንደሚመላለስ አስቢው።

1. መጀመሪያ ሕመሙ የቱ ጋ እንደሆነ ለዪ። አውራ ጣትሽን መዳፍሽ ውስጥ አጥፊና በአራቱ ጣቶች ሸፍኚው። ከዚያ ጡጫሽን ቀስ ብለሽ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ዘንበል አድርጊ። አንጓሽ ላይ በአውራ ጣት በኩል ጎላ ብላ የምትታይ አጥንት አለች፤ እዚያ ጋ እንደ ስለት የሚሰነጥቅ ነገር ከተሰማሽ የኔው ነው። አንዴ ይበቃሻል፣ በኃይል አታድርጊው። ሐኪሙ እንደዚህ ሲያደርገኝ እኔ ጮኼ ነው የተነሣሁት።

ስሙ ደ ኬርቬን ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ስለ ሕመሙ በጻፈው የስዊዘርላንድ ቀዶ ሐኪም ስም ነው። አውራ ጣትን ወደ ውጭ የሚስቡና ቀና የሚያደርጉ ሁለት ጅማቶች አሉ፤ አንጓችን ጎን ላይ በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ነው የሚያልፉት። ጣታችን ሲዘረጋና ሲሰበሰብ ከዋለ ካደረ ሽፋኑ ይወፍርና ጅማቶቹ መላወሻ ያጣሉ። ሴቶች ላይ፣ በተለይ አራሶች ላይ ይበዛል። ስማርት ስልክ ሳይፈጠር በፊት በእንግሊዝ አገር የልብስ አጣቢ ሴቶች ሕመም ይሉት ነበር። ይህን ያዢልኝ፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

2. ልጅሽን ስታነሺ አውራ ጣቶችሽን ዘርግተሽ በብብቱ ሥር አታስገቢ። አንዱን እጅሽን ከመቀመጫው ሥር፣ አንዱን ከጀርባው አድርገሽ በክንድሽ አንሺው። የታጠበ ልብስ አትጭመቂ፣ ለሌላ ሰው ስጪ። ጀበናም እንዲሁ። እኔ ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቅሁት ጀበና ላይ ነው። ከልጄ ክርስትና ማግስት ለቀሩ እንግዶች ቡና ስቀዳ፣ ጀበናውን ዘንበል ሳደርግ እጄ ከዳኝና ከነቡናው ረከቦቱ ላይ ወደቀ። አማቴ «ወለምታ ነው» አሉ፤ በማግስቱ ወጌሻ ጋ ወሰዱኝ።

3. አትታሺ። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም። የአጎቴን የወለቀ ትከሻ ዓይኔ እያየ ወደ ቦታው የመለሰ ወጌሻ አውቃለሁ። ይኼ ግን ወለምታ አይደለም፤ ከቦታው የወጣ የሚመለስም ነገር የለም። ያበጠና የተቆጣ ሽፋን ነው። ሰውዬው በቅባት አሸኝ፣ ያን የሚያመኝን ቦታ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ወደ ላይ ወደ ታች ፈተገው፣ በመጨረሻ ጣቴን ጎትቶ አንቋቋው። እንባዬ እየወረደ «ቻይው፣ ደሙ የረጋ ነው» ይለኝ ነበር። የዚያን ቀን ማታ እጄ አበጠ። ያበጠው እየለቀቀ ስለሆነ ነው ብሎ ሦስት ጊዜ አመላለሰኝ። በሦስተኛው ስመለስ የልጄን ዳይፐር ማሰር አቃተኝ። ሦስቱን ጊዜ 500፣ 500 ብር ከፍያለሁ፤ ብሩ ሳይሆን የሚያንገበግበኝ በገዛ እግሬ ሦስት ጊዜ መሄዴ ነው።

4. «ሪህ ነው» ከተባልሽ ሐኪሙ እጅሽን ነክቶታል ወይ? ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። የኔን አልነካውም። ቤታችን አጠገብ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ምን እንዳመመኝ ጠየቀችኝ፣ ጣቴን፣ ስልክ ስጽፍ ብዬ ነገርኳት። በተራ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እየሰማ «ታዲያ ስልኩን ትተሽ ልጅሽን አታሳድጊም?» አለችኝ። ልጄ እቅፌ ውስጥ ነበር። የዚያ ልጅ ወተት፣ የቤቱ ኪራይ፣ የአማቴ የስኳር መድኃኒት ከዚያ ስልክ ነው የሚወጣው። አልመለስኩላትም፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ጉሮሮዬን ያንቀኛል። ልብስ በእጇ የምታጥብ ሴት እጇን ሲያማት ማንም አይስቅባትም። ያው ጅማት ነው፣ ያው ሕመም ነው፤ እኛን ግን በጨዋታ ያመጣነው ያስመስሉታል። አንቺንም እንዲህ ካሉሽ አንገትሽን አትድፊ፣ «ሥራዬ ነው» በያቸው።

ሐኪሙ ቀና ብሎም አላየኝ። ራጅ፣ የደም ምርመራ ብሎ ጻፈ። ራጅ አጥንት ነው የሚያሳየው፤ የኔ ደግሞ ጅማት ነው፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ደሜ ላይ ኤ ኤስ ኦ የሚሉት ነገር ትንሽ ከፍ ብሏል ተባለና ሪህ ሆንኩ። በየወሩ ቤንዛታይን የሚሉት የፔኒሲሊን መርፌ፣ ከሥጋ ራቂ፣ የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ። አራስ ሆኜ ሦስት ወር ሥጋ ሳልቀምስ፣ ሦስት መርፌ ተወግቼ፣ ጨጓራዬ ተልጦ፣ ጣቴ ያው እንደነበረው። በኋላ እንደተረዳሁት ያ ምርመራ ጉሮሮ የሚያሳምም ባክቴሪያ በሆነ ጊዜ ሰውነታችን ውስጥ ማለፉን ነው የሚናገረው፤ ስለ ጣት ጅማት የሚለው ነገር የለውም። (የቤንዛታይኑን መርፌ ለልብ ሕመም የምትወስዱ ካላችሁ ግን እኔን ሰምታችሁ እንዳታቋርጡ፣ የእናንተ ሌላ ነገር ነው።) ከወጌሻው እስከ መርፌው ስደምረው ወደ 14,000 ብር አውጥቻለሁ፤ መልስ ስላጣ ጥሎኝ የሄደውን ደንበኛ ሳልቆጥር።

ያዳነችኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት። ለልጇ ጃኬት ልትወስድ ቤት ድረስ መጣች፣ ብር ስመልስላት አውራ ጣቴን እንደ እንጨት ገትሬ መያዜን አየች። ፊዚዮቴራፒስት፣ በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ኖራለች። እዚያው በራፍ ላይ ቆማ ያን የጡጫ ነገር አሠራችኝና «ይኼ ሪህ አይደለም፣ የአጥንት ሐኪም ጋ ሂጂ፣ እስከዚያ ማንም እንዳያሽሽ» አለችኝ። ሰኔ ላይ በሪፈር መንግሥት ሆስፒታል ገባሁ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው የወጣሁት፤ ሐኪሙ ግን እጄን በእጁ ይዞ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጥተሽ ቢሆን ማሰሪያና ዕረፍት ብቻውን ይበቃሽ ነበር አለኝ። ይህችን ቃል ነው እንድትሰሚልኝ የምፈልገው። አንቺ ገና ሦስተኛ ሳምንትሽ ነው ብለሻል።

የኔ ስለቆየና ስለታሸ ስቴሮይድ የሚባል እብጠት የሚያበርድ መርፌ እዚያው ቦታ ላይ ተወጋሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ባሰብኝ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ ለቀቀኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ የነገረኝ የለም፤ የተወጋሁበት ቆዳ ነጣ፣ ለብዙ ወራት እንደ ሳንቲም ነጭ ሆኖ ቆየ፣ አሁን ነው እየተመለሰ ያለው። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በደንብ ይታያል። ስኳር ካለብሽ ተናገሪ፣ መርፌው ስኳር ከፍ ያደርጋል። ማጥባትሽንም ንገሪያቸው። መርፌውም ካልሠራ ትንሽ ቀዶ ሕክምና አለ፣ መተላለፊያውን ይከፍቱታል፤ እኔ ለዚያ አልደረስኩም።

ማሰሪያው ላይ አትሳሳቺ። እኔ መጀመሪያ ፋርማሲ ሄጄ ያገኘሁትን የአንጓ ማሰሪያ ገዛሁ፣ 800 ብር፤ አውራ ጣቴን ነጻ ይለቀዋል፣ ምንም አልጠቀመኝም። አውራ ጣቱንም አንጓውንም አንድ ላይ የሚይዝ፣ ውስጡ ጠንካራ ነገር ያለበት ነው የምትፈልጊው። የቀኝና የግራው ይለያያል፣ እዚያው ለክተሽ ውሰጂ። ጫፉ ከአውራ ጣትሽ መሐለኛ አንጓ በታች ቢቆም ጥሩ ነው። ቀንም ሌሊትም፣ ለመታጠብ ብቻ እየፈታሽ፤ እኔን አራት ሳምንት ነው ያዘዙኝ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዢበት። የጣት ስፖርት የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ሕመሙ ሳይበርድ አትሞክሪ።

ሥራሽን ተዪ አልልሽም፣ እኔም አልተውኩም። ስልኩ ከእጄ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ማቆሚያ ተደርጎለታል፣ የምነካው በሌባ ጣቴ ነው። ይህን ሁሉ እንኳ የጻፍኩልሽ በድምፅ ነው፤ የጉግል ኪቦርድ ላይ ማይክራፎኗን ነክተሽ አማርኛ ትናገሪያለሽ፣ እሱ ይጽፋል። ስምና ቁጥር ላይ ይሳሳታል፣ እሱን ብቻ ታርሚያለሽ። ቀን ቀን ባለቤቴ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቴሌግራም ከፍቶልኛል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ዋጋውን ፎቶው ላይ መጻፌ ነው። ሁላችንም «ዋጋ በውስጥ» እያልን ሰው እንዲጠይቀን እናደርጋለን፤ ያ ጥያቄ ሁሉ በጣታችን ነው የሚመለሰው። ዋጋ፣ ያለው ቁጥር፣ የማድረሻ ቦታና ክፍያ እያንዳንዱ ፎቶ ሥር ጻፍኩ። ደንበኛ ይሸሻል ብለው ብዙ ሰዎች አስፈራርተውኝ ነበር። የሚመጣልኝ መልእክት ከግማሽ በታች ወረደ፣ ሽያጬ አልወረደም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አልመልስም ብዬም ለጥፌያለሁ፤ የሚገዛ ሰው ጠዋት ይጠብቀኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣትሽ ሲታጠፍ ቀጭ እያለ የሚቆለፍብሽ ከሆነ፣ ወይም አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣትሽ ሌሊት የሚደነዝዙ ከሆነ ያ የኔው ሕመም አይደለም፤ ሕክምናውም ይለያል። ዛሬ ማታ ጡጫውን ሞክሪና የቱ ጋ እንዳመመሽ እዚሁ ጻፊልኝ። በድምፅ ላኪው፣ በጣትሽ እንዳትጽፊ።