«ሳንቶ» ከ«ሳን» ይበልጣል? ስለ ጣልያን ቅዱሳን ስሞች የደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሮም ውስጥ ሳን ፒዬትሮም ሳንቶ ስቴፋኖም አለ። «ሳንቶ» የተባለው ማዕረጉ ከፍ ያለ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሁለቱም «ቅዱስ» ማለት ነው። የሚወስነው ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ ነው። የወንድ ስም በተነባቢ ከጀመረ «ሳን» ይቀድመዋል፦ ሳን ማርኮ፣ ሳን ፍራንቼስኮ። ስሙ በ«ስ» ጀምሮ ወዲያው ሌላ ተነባቢ ካስከተለ ግን ለአፍ ስለሚከብድ «ሳንቶ» ይሆናል። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለው የሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» የሚባለውም ለዚሁ ነው። «ሎ ዚዮ» (አጎቱ) የሚለውን ደንብ፣ ማለትም በ«ዘ» ከሚጀምር የወንድ ፆታ ቃል በፊት «ኢል» ሳይሆን «ሎ» መባሉን፣ የሸመደዱ ተማሪዎች በ«ዘ» ለሚጀምሩ ስሞችም «ሳንቶ» ይላሉ፤ የቬሮናው ግን ሳን ዜኖ ነው።

ጆሮን የሚያታልለው በአናባቢ የሚጀምረው ስም ነው። ያኔ ለወንድም ለሴትም «ሳንት» ብቻ ይቀርና ከስሙ ጋር ይገጥማል፦ ሳንታጋታ ሴት ናት፣ ሳንታምብሮጆ የሚላኖ ጳጳስ የነበረ ወንድ ነው። ሲጻፍ ከ«ት» በኋላ ጭረት (አፖስትሮፍ) ይደረጋል፣ ክፍተት አይተውም። «ሳንታ» (ለሴት የሚባለው) ብለው ክፍተት ትተው «ምብሮጆ» ብለው ከጻፉ ግን እንዲህ የሚባል ቅዱስ የለም።

ጥያቄ፦ አድራሻ ላይ አንድ «ኤስ» ወይም ሁለት «ኤስ» አያለሁ። እንዴት ይነበባል?

መልስ፦ አንዱ እንደ ስሙ ሳን፣ ሳንቶ ወይም ሳንታ ነው። ሁለቱ ብዙ ቅዱሳንን ያመለክታል፦ «ሳንቲ ፒዬትሮ ኤ ፓኦሎ»። ሥላሴ ወይም ብስራት ከተከተለው «ሳንቲሲማ» ይባላል። ቁጥር ከተከተለው ግን ቅዱስ አይፈልጉ፤ የአገር አቀፍ አውራ ጎዳና ነው።

ጥያቄ፦ አንቶኒዮ የሚባል የሥራ ባልደረባ አለኝ። «ቡዎን ኦኖማስቲኮ» (በስሙ የተጠራበት ቅዱስ በዓል ሲደርስ የሚባል የመልካም ምኞት ቃል) የምለው መቼ ነው?

መልስ፦ ራሱን ይጠይቁት፤ አንቶኒዮ ሁለት ነው። ጥር ላይ፣ በፈረንጆች 17፣ የሚከበረው «አባቴ» (በጣልያንኛ የገዳም አለቃ) የሚሉት የግብጹ መነኩሴ፣ የእኛው አባ እንጦንስ ነው፤ በሥዕል አሳማና ደወል አይለየውም። ሰኔ 13 በእነሱ አቆጣጠር የፓዶቫው ነው፤ አበባና ሕፃኑን ኢየሱስን ይዞ ይሣላል። ፓዶቫ ውስጥ «ኢል ሳንቶ» ካሉ እሱ ነው፣ ስም መጥራት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ጉዳይ ይዤ ሚላኖ ብሄድ ቢሮው ሁሉ ዝግ ነው። በዓሉ ካላንደሬ ላይ የለም።

መልስ፦ የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ፣ የ«ፓትሮኖ» ቀን ገጥሞዎት ይሆናል፤ በዚያች ከተማ ብቻ ይዘጋል። ሚላኖ ዲሴምበር 7 ነው፤ በማግስቱ ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ሁለት ቀን ይያያዛል። ሮም ጁን 29፣ ቶሪኖ፣ ፊሬንዜና ጄኖቫ ጁን 24፣ ናፖሊ ሴፕቴምበር 19። ለሠራተኛ የሚታሰበው የሚሠራበት ከተማ በዓል እንጂ የሚኖርበት አይደለም።

ጥያቄ፦ የጄኖቫው የእግር ኳስ ክለብ «ሳምፕዶሪያ»ስ የማን ቅዱስ ስም ነው?

መልስ፦ ጴጥሮስ ተደብቆበታል። ክለቡ በ1946 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የሳምፒዬርዳሬኔዜና የአንድሬያ ዶሪያ ውህደት ነበር፤ የመጀመሪያው ስም የመጣው ሳን ፒዬር ዳሬና ከተባለ የጄኖቫ ሰፈር ነው።