መልስ፦ ማሽን ላይ ተቀምጦ ፔሬድ ሲመጣ

ድሬዳዋ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እየሠራሁ፣ እረፍቴ የምሳ ብቻ ሆኖ፣ የወር አበባዬ ሲመጣ እንዴት ልቻለው ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ማሽን ላይ ውዬ ነው ያለፍኩት። ጭንቀቱን አውቀዋለሁ።

ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መቀየር አለበት፤ ደም ሲበዛ ደግሞ ቀደም ብሎ። ስለዚህ ልክ ሥራ ልትገቢ ስትይ ቀይሪ፣ ከዚያ በምሳ ሰዓት። ብዙ በሚፈስሽ ቀን የሌሊቱን ረጅም ሞዴስ ቀንም አድርጊው። በድሬ ሙቀት ላቡ ሲጨመርበት ቆዳ ይቆጣል፤ የጥጥ ፓንት ልበሺ። ቅያሪ ፓንትና ጥቁር ፌስታል ከቦርሳሽ አይጥፉ። ደግሞ ውኃ መጠጣት እንዳታቆሚ! እኔ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብዬ አቁሜ የተረፈኝ ራስ ምታት ነው።

ለቁርጠት አይቡፕሮፌን ገና ሲጀምርሽ፣ ምግብ በልተሽ ውሰጂ። ጨጓራ ካለብሽ ግን ፋርማሲ ሳትጠይቂ እንዳትነኪው።

አለቃዬ ወንድ ስለሆነ ማስፈቀድ ያሳፍረኛል ላልሽው፣ እኔን ያዳነችኝ አጠገቤ የምትሰፋው ልጅ ናት። ተነጋገርን። አንዳችን ስንነሳ ሌላዋ ሥራው እንዳይከመር ትሸፍን ነበር። አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንቺም አጠገብሽ ያለችውን አናግሪያት፤ እሷም እንዳንቺው እየተጨነቀች ይሆናል።

ሞዴሱ በየሰዓቱ እየሞላ ካስቸገረሽ፣ ወይም ደሙ ከ7 ቀን በላይ ከቆየ ግን ጤና ጣቢያ ሂጂ። ደም ማነስ ያመጣል።