የሕፃኑ ገንፎ ለምን ይቀጥናል?

ልጆቼ፣ ወልዳችሁ የምታሳድጉም ለመውለድ የምታስቡም፣ «ለልጁ አእምሮ ምን እንግዛለት?» ትላላችሁ። አብዛኛው ነገር ያለው ከሱቅ ሳይሆን ከማድቤት ነው። የልጅ አንጎል ሁለት ዓመት ሲሞላው የአዋቂውን መጠን 80 በመቶ ያህል ይደርሳልና ጊዜው አጭር ነው።

ነገሩ ከእርግዝና ይቀድማል። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን ገና አታውቅም። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን በቀን 400 ማይክሮግራም አስቀድሞ የሚጀመረው ለዚህ ነው። ጨዋችሁ አዮዲን ያለው ይሁን፤ ከድናችሁ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ክፍት ሲሆንና ብዙ ሲንተከተክ አዮዲኑ ይቀንሳል።

ሲወለድ በመጀመሪያው ሰዓት ይጥባ፤ እንገሩን አትድፉ። እስከ ስድስት ወር ቅቤም የአብሽ ውሃም አያስፈልገውም። አያቶችን በአክብሮት አስረዱ፣ ግን አትለዝቡ።

ስድስት ወር ሲሞላ ከእናቱ ይዞት የመጣው ብረት (አይረን የሚባለው ንጥረ ነገር) እያለቀ ይሄዳል፤ የጡት ወተት ብቻውን አይበቃም። ብዙ ቤት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እንዳያንቀው ወይም በጡጦ እንዲወርድ ተብሎ ምግቡ ይቀጥናል። የስምንት ወር ሕፃን ሆድ ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይዝም፤ በውሃ ከሞላ ለሌላው ቦታ የለም። ልጁ ጠግቦ ስለሚተኛ ማንም አይጠረጥርም። ማንኪያውን ስታዘነብሉት ወዲያው ከፈሰሰ ቀጥኗል።

ዱቄቱን ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ምስር አድርጉት። ገንፎው ከወፈረባችሁ ውሃ አትጨምሩ። አውርዱት፤ ትንሽ በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የብቅል ዱቄት አማስሉበት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲላላ መልሳችሁ አፍሉት። በሚፍለቀለቀው ላይ ከጨመራችሁት ገንፎውን የሚያላላው የብቅሉ ንጥረ ነገር (ኢንዛይም) ይበላሻል፣ ገንፎውም አይላላም። ሻጋታ የነካውን ብቅል ጣሉት። ከዚያ ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ጎመን ፈጭታችሁ ቀላቅሉበት። መጀመሪያ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ በቀን ሁለት ሦስቴ ይበቃዋል፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ ግማሽ ስኒ (የ250 ሚሊ ሊትሩ) ሦስት አራቴ፤ ዓመት ሲሞላው ከሦስት ሩብ እስከ ሙሉ ስኒ። ጡቱ እስከ ሁለት ዓመት ይቀጥል።

ዳቦ በሻይ የሚባለውን ነገር ለሕፃን ተዉት። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት አንቆ ይይዛል፤ ብረት ያነሰው ልጅ ደግሞ ይፈዛል፣ ለመማርም ይዘገያል። ምስሩን ስትሰጡት ብርቱካን ወይም ቲማቲም አስከትሉ፤ ብረቱ ይበልጥ ይዋሃደዋል።

በጾም ወቅት ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ እንቁላል የሚከለከል ልጅ ብዙ ነው። ሕፃን አይጾምም። አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻው ብትገዙለት ክርክሩ ያልቃል፤ ይህን ወጪ አባት ይቻለው።

ስታበሉት አናግሩት፤ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። አፉን ቢዘጋ አታስገድዱት፣ ቆይታችሁ ሞክሩ። በየወሩም ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ አስመዝኑት። የክብደቱ መስመር ሁለት ወር በተከታታይ ወደ ላይ ካልወጣ፣ ልጁ ባይከሳም፣ ምክንያቱን ጠይቁ።