ለባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይትና ቤንዚን ስለ መቀላቀልና ስለ ማስቀመጥ፦ ጥያቄና መልስ

በባሕር ዳር የጀልባ ሞተሮችን፣ የዛፍ መቁረጫ የሞተር መጋዞችንና በጀርባ የሚታዘሉ የመድኃኒት መርጫዎችን እጠግናለሁ። ለጥገና ከሚመጡልኝ መካከል ብዙዎቹን ያበላሻቸው ዕድሜ ሳይሆን ጀሪካኑ ውስጥ የነበረው ነገር ነው። ስለዚህ ጉዳይ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ሞተር ዘይቱ ለብቻው ይቀመጣል። የጀልባዬ ሞተር ግን ከቤንዚኑ ጋር ካልተቀላቀለ አይሆንም የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በመኪናው ሞተር ሥር ዘይት የሚጠራቀምበት ቋት አለ፤ ፓምፑም ከዚያ እየሳበ ወደየቦታው ያደርሰዋል። በባለ ሁለት ምት ሞተር (ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ በመውረድ ብቻ ዙሩን በሚጨርሰው) ውስጥ ግን ያ ቦታ የቤንዚንና የአየር ድብልቁ ወደ ሲሊንደሩ ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍበት ክፍል በመሆኑ ዘይት ሊጠራቀምበት አይችልም። ስለዚህ የክራንኩ ኩሽኔታዎች፣ የፒስተኑ ፒንና የሲሊንደሩ ግድግዳ የሚያገኙት ቅባት ከቤንዚኑ ጋር በጉም መልክ የሚገባው ብቻ ነው። ዘይት ያልገባበት ቤንዚን የተሞላ ሞተር መጀመሪያ ላይ ምንም ያልጎደለበት መስሎ ይሠራል፤ ጭነት ሲበዛበት ግን ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቆማል።

ጥያቄ፦ አባቴ ሁልጊዜ አንድ ለሃያ አምስት (አንድ እጅ ዘይት ለሃያ አምስት እጅ ቤንዚን) ይቀላቅል ነበር። ሻጩ ደግሞ አንድ ለሃምሳ ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም እንደ ዘመናቸው ልክ ናቸው፤ እርስዎ ግን መስማት ያለብዎት የሞተርዎን መመሪያ ነው። የቀድሞ ሞተሮችና የቀድሞ ዘይቶች አንድ ለሃያ አምስት ይፈልጉ ነበር። ዛሬ ከሚሸጡት የሞተር መጋዞች አብዛኞቹ፣ ለምሳሌ የሽቲልና የሁስክቫርና ምርቶች፣ ተስማሚ ዘይት እስካገኙ ድረስ በአንድ ለሃምሳ ይሠራሉ። የጀልባ ሞተር አዲስ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ መመሪያዎች ለመጀመሪያዎቹ የማላመጃ ሰዓታት አንድ ለሃያ አምስት፣ ከዚያ በኋላ አንድ ለሃምሳ ያዝዛሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በአንድ ለሃምሳ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። በአንድ ለሃያ አምስት ሁሉም እጥፍ ይሆናል። ለትንንሽ መጠን ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌው ከማንኛውም ክዳን የተሻለ መለኪያ ነው፤ «አንድ ክዳን ዘይት» የሚለው አለካክ ክዳኑ የየትኛው ጠርሙስ እንደሆነ ስለማይናገር አልወደውም።

ጥያቄ፦ ዘይት ቢበዛ ጉዳት የለውም ብዬ ሁልጊዜ ጨመር አደርጋለሁ። ስህተት ነው?

መልስ፦ ከማነሱ መብዛቱ ይሻላል፤ ያ ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የበዛው ዘይት ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን) ያጠቁራል፣ የፒስተኑን ቀለበቶች በጥላሸት ያጣብቃል፣ የጭስ መውጫውንም ይደፍናል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ። በካርቡራተሩ (ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ክፍል) ቀዳዳ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን የተወሰነ በመሆኑ ዘይቱ በበዛ ቁጥር የሚያልፈው ቤንዚን ይቀንሳል፤ ድብልቁም ከአየሩ አንጻር እየሳሳ ሞተሩ እንዲግል ያደርጋል። ካንዴላውን አውጥተው ሲያዩት የሴራሚኩ ጫፍ የቡና ቀለም ከያዘ ሥራው ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይቱ ወይም ቤንዚኑ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ያቁሙት።

ጥያቄ፦ የመኪና ዘይት ብጠቀምስ? ለጀልባ የገዛሁትን ዘይትስ ለመጋዙ ልጨምርበት?

መልስ፦ የመኪና ዘይት፣ ሃያ ሃምሳ የሚባለውም ይሁን አርባ የሚባለው፣ የተሠራው ላለመቃጠል ነው። በውስጡ ያሉት የካልሲየምና የዚንክ ቅመሞች ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ፤ አመዱም በፒስተኑ አናትና በካንዴላው ላይ ተጋግሮ፣ እየጋለ ድብልቁን ያለጊዜው ያቀጣጥላል። ለአንድ ቀን ያገለገለ መስሎ የሚታየው ጉዳቱ ቀስ በቀስ የሚከማች ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በጣም ተገቢ ነው። በውሃ ለሚቀዘቅዙ የጀልባ ሞተሮች የሚመረተው ዘይት በጣሳው ላይ «ቲሲ ደብልዩ 3» የሚል ምልክት አለው፤ አመድ የማይተው ሲሆን የተዘጋጀውም በሐይቅ ውሃ እየቀዘቀዘ ለሚሠራ ሲሊንደር ነው። የሞተር መጋዝ፣ የሣር ማጨጃና የመርጫ ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዙ ሙቀታቸው በጣም ከፍ ይላል፤ ለእነሱ «ጃሶ ኤፍ ሲ» ወይም «ጃሶ ኤፍ ዲ» የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ያስፈልጋል። ጣሳዎቹን አያለዋውጡ። ለመጋዙ ሰንሰለት የሚጨመረው የሚያጣብቅ ዘይትም ሌላ ነው፤ እሱን ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ ያመጣልኝ ደንበኛ አጋጥሞኛል፤ ካርቡራተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ መታጠብ ነበረበት።

ጥያቄ፦ የአቀላቀሉ ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል። በንጹሕ ጀሪካን ግማሹን ቤንዚን ያድርጉ፣ የተለካውን ዘይት በሙሉ ይጨምሩበት፣ ክዳኑን ዘግተው በደንብ ይወዝውዙት፣ ከዚያ ቀሪውን ቤንዚን ሞልተው እንደገና ይወዝውዙት። ዘይቱንና ቤንዚኑን ለየብቻ ሞተሩ ታንከር ውስጥ መጨመር በተለይ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከሥር እንዲዘቅጥ ያደርጋል፤ ሞተሩ መጀመሪያ ዘይት የበዛበትን፣ በኋላ ደግሞ ዘይት የሌለውን ይስባል። ሲሞሉ ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ እንጂ በመኪና ጭነት ሰሌዳ ወይም በፕላስቲክ ንጣፍ ላይ አይሁን፤ በሰበቃ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትነቱን ሊያቀጣጥለው ይችላል።

ጥያቄ፦ ጀሪካኑ ውስጥ ዘይት መጨመሬን ረሳሁት። ቀለሙም አያስታውቅም። እንዴት ልለየው?

መልስ፦ አብዛኞቹ ዘይቶች በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ ወይም በቀይ ቀለም የሚቀለሙት ለዚሁ ነው፤ ብጫ ጀሪካን ውስጥ ግን ቀለሙ ይጠፋል። ከእሳት ርቀው ከጀሪካኑ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ፤ አጠገቡ ደግሞ ከንጹሕ ቤንዚን ሌላ ጠብታ። ንጹሑ ሲተን ወረቀቱ ይደርቃል፤ ዘይት ያለበት ግን ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ክብ ይተዋል። ይህ ዘይት መኖሩን እንጂ መጠኑን አይነግርም፤ መጠኑን ከተጠራጠሩ አዲስ ይቀላቅሉ።

ጥያቄ፦ የተቀላቀለው ለስንት ጊዜ ይቆያል? በምንስ ላስቀምጠው?

መልስ፦ እኔ ከ30 ቀን በላይ አላስቀምጥም፤ የመጋዝ አምራቾችም የሚመክሩት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቤንዚን ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ተንኖ ለማስነሣት ያስቸግራል፤ የቀረውም እየወፈረ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች የሚደፍን ሙጫ ይተዋል። ለነዳጅ የተሠራ የብረት ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ጀሪካን ይጠቀሙ፤ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ ይተዉለት፤ «ቤንዚን ከዘይት፣ 1 ለ50» ብለው ቀኑን ይጻፉበት።

በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥን ግን በምንም ምክንያት አልቀበልም። ፕላስቲኩ ለነዳጅ አልተሠራም፤ ከዚያም በላይ ቀለም ያለው ፈሳሽ በውሃ ጠርሙስ ሲያይ ለስላሳ መጠጥ የሚመስለው ልጅ በየቤቱ አለ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ የከሰል ምድጃ ወይም የእንጀራ ምጣድ ካለበት ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ማድ ቤትና መኝታ ቤት አይቀመጥም።

ጥያቄ፦ በክረምት ውሃ ገብቶበት ሞተሬ ተበላሸ። ዘይት ግን ነበረው። እንዴት ሆነ?

መልስ፦ ቤንዚኑ ኢታኖል (የአልኮል ዓይነት) ነበረበት ብዬ እገምታለሁ። በአገራችን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ይሸጥ በነበረው ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ ኋላም 10 በመቶ ኢታኖል ይቀላቀል ነበር። ኢታኖል ውሃን ይስባል፤ ውሃው ከመጠን ሲያልፍ ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ዘይቱ የሚቀረው ከላይ ከቤንዚኑ ጋር ነው፤ የሞተሩ መሳቢያ ቱቦ ደግሞ የሚስበው ከታች ነው። ጀሪካኑ ሥር የተለየ ንጣፍ ካዩ ወዝውዘው ለመቀላቀል አይሞክሩ፤ ያ ነዳጅ ለሞተር አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጣና ከፍታ ላይ ስለሆነ የዘይቱን መጠን መለወጥ አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ቤንዚን በዝቶበት ኃይሉ ይቀንሳል። መፍትሔው በካርቡራተሩ ቀዳዳ ወይም በፕሮፔለሩ ምርጫ እንጂ በዘይቱ አይደለም።

ጥያቄ፦ የዘይት ፓምፕ ያለው ሞተር ነው የገዛሁት።

መልስ፦ እንግዲያው መመሪያው በተለይ ካላዘዘ በስተቀር ንጹሕ ቤንዚን ይሙሉ፤ ዘይቱ የራሱ ታንከር አለው። ሁለቱንም ካደረጉ ዘይቱ እጥፍ ይሆናል፤ ጭሱም ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ ጊዜው ያለፈበትን ድብልቅ ምን ላድርገው? ሐይቅ ዳር የሚደፉት አያለሁ።

መልስ፦ ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ ዓሣ የሚጠመደውም ከዚያው ነው። ውሃ ያልገባበትና ጥቂት ሳምንታት ብቻ ያለፉት ድብልቅ ከሆነ፣ 1 ሊትሩን ካርቡራተር ባለው አሮጌ መኪና ሊሞላ በተቃረበ ታንከር ውስጥ መጨመር ይቻላል፤ ዘይቱ በዚያ ብዛት ውስጥ አይታወቅም። የጠቆረውንና የቫርኒሽ ሽታ ያመጣውን ግን በተዘጋ ጀሪካን፣ «የተበላሸ ቤንዚን» ብለው ጽፈውበት፣ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ያስረክቡ፤ ሲያስረክቡም ቤንዚን እንዳለበት በአፍዎ ይንገሯቸው፤ ከተቃጠለ ዘይት በርሜል ጋር ከደባለቁት እሳት የሚያስነሣ ይሆናል።