የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኡቲ፣ ባለጥርሱ ሐዲድና ሰማያዊው ተራራ

ባለፈው እትም በህንድ ታሚል ናዱ ግዛት፣ በኒልጊሪ ተራሮች ላይ ስለምትገኘው ደጋማ ከተማ ስለ ኡቲ አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከቤንጋሉሩ በመኪና 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከአዳማ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ለህክምና ወይም ለትምህርት ወደ ደቡብ ህንድ የሄደ ዘመድ ያለው ሰው በከተማችን ጥቂት አይደለምና ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ በቀድሞው የጅቡቲ ምድር ባቡር ረጅም ዘመን አገልግያለሁ። የኡቲው ሐዲድ ስፋቱ ከእኛው አሮጌ ሐዲድ ጋር አንድ ነው ብላችኋል። በዚያ ስፋት ያን የመሰለ ዳገት እንዴት ይወጣል? ጎማው አይንሸራተትም? (ጡረተኛ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ)

መልስ፦ አዎ አባታችን፣ ስፋቱ አንድ ነው፤ 1,000 ሚሊ ሜትር። የሚለየው ዳገቱ ነው። መስመሩ ሜቱፓላያም ከምትባል ቆላ ከተማ፣ ከ326 ሜትር ከፍታ ይነሣና በ46 ኪሎ ሜትር ውስጥ 2,203 ሜትር ላይ ካለው የኡቲ ጣቢያ ይደርሳል። ዋናው ትግል ከካላር እስከ ኩኑር ባለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ዳገቱ ሲበረታ በየ12 ሜትሩ አንድ ሜትር ይወጣል። ተራ የብረት ጎማ በተራ ሐዲድ ላይ ይህን አይችለውም፤ እርስዎ እንደሚያውቁት ባለበት እየተሽከረከረ ይቀራል።

ስለዚህ በሁለቱ ሐዲዶች መሀል፣ ጎን ለጎን፣ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ብረቶች ተዘርግተዋል። ሎኮሞቲቩ ከሥሩ ፒኞን የሚባሉ ጥርሳም ጎማዎች አሉት፤ እነዚህ ጥርሶቹን እየነከሱ ያወጡታል። ብልሃቱ ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው። የአንዱ ብረት ጥርስ ከሌላው ብረት ክፍተት ትይዩ እንዲሆን ተዛንፎ ስለተገጠመ፣ አንደኛው ፒኞን ጥርስ ሲለቅ ሁለተኛው ነክሶ ይዟል። ባቡሩ ሳይያዝ የሚቆይባት ቅጽበት የለችም። በእንፋሎት የሚሠሩት ሲሊንደሮቹም አራት ናቸው፤ ሁለቱ ተራዎቹን ጎማዎች፣ ሁለቱ ፒኞኖቹን ያዞራሉ። ዘዴው በፈለሰፈው በስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ በሮማን አብት ስም ይጠራል።

ሌላም ነገር አለ። ሎኮሞቲቩ ፉርጎዎቹን ከፊት ሆኖ አይጎትትም፤ ከታች ሆኖ ይገፋል። ማያያዣ ቢበጠስ ፉርጎው የሚያርፈው ሎኮሞቲቩ ላይ ነው፣ ቁልቁል አይነጉድም። ነጂው ከኋላ ስለሆነ ፊቱን አያይም፤ በየፉርጎው መግቢያ ላይ የሚቆሙት ፍሬን ያዦች በባንዲራና በፊሽካ መንገዱን ይነግሩታል። በባለጥርሱ ክፍል ፍጥነቱ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ሂልግሮቭ ጣቢያ ውሃ ለመሙላት ሲቆም ይውረዱና የሐዲዱን መሀል ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ የጥርሶቹ መዛነፍ በግልጽ ይታያል። ምግብ በእጅዎ አይያዙ፣ እዚያ ያሉት ጦጣዎች ይነጥቃሉ።

መስመሩ ኩኑር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1899፣ ኡቲ የደረሰው በ1908 ነው። 16 ዋሻዎችና 250 ድልድዮች አሉት። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2005 ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከማንኛውም ጎብኚ በላይ እንደሚደሰትበት እናምናለን።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የዚህን ባቡር ትኬት በስንት ልፋት አግኝቶ በሰዓቱ ሄደ፤ ባቡሩ ግን ከሄደ ቆይቷል ተባለ። ትኬቱ ላይ 07:10 ይላል። ጥፋቱ የማን ነው? (ቦኩ ሸነን)

መልስ፦ 07:10 በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ነው። ወንድምዎ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10 ብሎ አስቦት ይሆናል፤ ስልኩ በአገር ቤት ሰዓት ከቀረም ሌላ መዛባት ይመጣል፣ ህንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለችና። ህንድ እንደወረዱ ስልኩን አስተካክሎ በ24 ሰዓት አቆጣጠር መጠቀም ይበጃል። ከኡቲ የሚመለሰው ባቡር 14:00 ተብሎ ይጻፋል፤ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው።

ከሜቱፓላያም በጠዋት የሚነሣው አንድ ባቡር ብቻ ነው፤ ካመለጠ ቀኑ አለቀ። ከቤንጋሉሩ የሚመጣ ሰው ሜቱፓላያም ማደር አለበት። ከቼናይ ለሚመጣ ግን ማታ ተነሥቶ ንጋት ላይ ሜቱፓላያም የሚያደርሰው የኒልጊሪ ኤክስፕረስ አለ። ትኬት ከጉዞው 60 ቀን በፊት ይከፈትና ወዲያው ያልቃል። ያጣ ሰው በአውቶቡስ ኩኑር ደርሶ ከኩኑር ወደ ኡቲ በቀን ጥቂት ጊዜ ከሚመላለሰው ባቡር መሳፈር ይችላል። ይሄኛው በናፍጣ የሚሠራ ነው፣ ባለጥርሱን ሐዲድም አያሳይም፤ መልክዓ ምድሩ ግን ያው ነው።

ስለ ወራቱም እናስጠንቅቅ። ለእኛ ኅዳር ፀሐይ ነው፤ በኒልጊሪ ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሁለተኛው ዝናም የሚወርድበት ነው። በዚያ ወቅት ከካላር በላይ ናዳ ሐዲዱን ይዘጋና ጉዞው ለቀናት ይሰረዛል።

ጥያቄ፦ እናቴ ለልብ ህክምና ቤንጋሉሩ ናት፣ እኔም አስታማሚ ሆኜ ልሄድ ነው። ሐኪሟ «ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት ትረፍ» ስላለ ኡቲ ልወስዳት አሰብኩ። ከፍታው ይጎዳታል? መንገዱስ? (ፍራንኮ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ኡቲ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ትላለች፤ ቤንጋሉሩ ግን 900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እናትዎም አሁን የለመዱት ያንን ነው። ስለዚህ ሐኪማቸውን «ሽርሽር ብንሄድ» ብለው አይጠይቁት፤ «2,240 ሜትር ላይ ሁለት ሌሊት ማደር ትችላለች ወይ፣ ሰባት ስምንት ሰዓት መኪና ውስጥ መቀመጥስ» ብለው በቁጥር ይጠይቁት። በደፈናው ከተጠየቀ በደፈናው ይመልሳል። የቀዶ ጥገናው ቁስል ገና ከሆነ እኛ ጉዞውን አንመክርም፤ ከከፍታው ይልቅ የሚያደክመው መንገዱ ነው።

ከተፈቀደላቸው፣ ከማይሱሩ በኋላ መንገዱ ባንዲፑር በተባለው የዱር እንስሳት ደን ውስጥ ያልፋል። ደኑ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሽከርካሪ ዝግ ነው። ከሰዓት በኋላ ከቤንጋሉሩ የተነሣ ሰው ኬላው ላይ ሊያድር ይችላል፤ በማለዳ ይነሡ። ከደኑ ሲወጡ ሁለት አማራጭ አለ። በማሲናጉዲ በኩል ያለው አጭር ነው፣ ግን 36 የፀጉር መቆንጠጫ የመሰሉ እጥፋቶች ያሉት ቀጥ ያለ አቀበት ነው። በጉዳሉር በኩል ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ለታማሚ ግን እሱ ይሻላል። ለሾፌሩ አስቀድመው ይንገሩት።

ራስዎ አይንዱ። በህንድ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ በዚህ ላይ ቁልቁለቱ ሞተር ሳይሆን ፍሬን ብቻ የሚጠቀምን ሰው ይቀጣል። ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አልይዝ ይላል። በወጡበት ማርሽ መውረድ ነው ደንቡ። ጠባብ ቦታ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠውም ለሚወጣው ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ። ከኢትዮጵያ ለሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በበረራው ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም፣ ለይቶ ማቆያ ያስገባል። በኪራይ መኪና ወደ ኒልጊሪ ለመግባት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚወጣ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የውጭ ዜጋ በኢሜይል አድራሻው ይመዘገባል። በመንግሥት አውቶቡስ ወይም በባቡር ለሚሄድ አያስፈልግም። ሆቴሎች የውጭ እንግዳን በተለምዶ «ፎርም ሲ» በሚባል ቅጽ በ24 ሰዓት ውስጥ የማስመዝገብ ግዴታ አለባቸው፤ ይህን የማይሠሩ ትናንሽ ማረፊያዎች ፓስፖርት ሲያዩ ይመልሳሉ። ክፍል ከመያዝዎ በፊት የውጭ ዜጋ እንደሚቀበሉ ይጠይቁ፣ የሁለታችሁንም ፓስፖርትና ቪዛ ዋናውንና ኮፒውን ይያዙ። በላስቲክ የታሸገ ውሃም ኬላው ላይ ይወሰዳል፣ ያስቀጣልም፤ የብረት ኮዳ ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮይምባቶር ትማራለች። በ12 ዓመት አንድ ጊዜ ተራራውን ሰማያዊ የሚያደርግ አበባ አለ ብላ ነገረችኝ። እውነት ነው ወይስ ተረት? (መብራት ኃይል)

መልስ፦ እውነት ነው። ኩሪንጂ ይባላል፤ ቁጥቋጦ ነው፣ ከ1,300 እስከ 2,400 ሜትር ባለው የደቡብ ህንድ ሣራማ ተራራ ላይ ይበቅላል። ሰዎች ምሥጢር የሚሉት ሁሉም ቁጥቋጦ ዓመቱን ቆጥሮ አንድ ላይ ማበቡን ነው። እንደ እንሰት ያስቡት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ዘር ይሰጣል፣ ከዚያ ይሞታል። ዘሩ አንድ ላይ ስለሚበቅል ቀጣዩ ትውልድም እኩያ ይሆናል፣ በ12 ዓመቱም አብሮ ያብባል። አብሮ ማበቡም ይጠቅመዋል፦ በአንድ ወቅት የሚረግፈውን ያን ሁሉ ዘር ወፍና ነፍሳት በልተው አይጨርሱትም። እዚያ ካሉት ነባር ሕዝቦች አንዳንዶቹ ዕድሜን በኩሪንጂ ይቆጥሩ ነበር።

በሰፊው ያበበው እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2018 ነው፤ ቀጣዩ በ2030 ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይጠበቃል፣ በእኛ በ2022 ማብቂያና በ2023 መባቻ፣ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን። በመሀሉ «ኩሪንጂ አበበ» የሚል ፎቶ ሲዘዋወር ልጅዎ አትቸኩል፤ ዝርያዎቹ ብዙ ናቸው፣ ዑደታቸውም የተለያየ ነው፣ እዚህም እዚያም የሚያብብ አይጠፋም። መንቀል በሕግ ያስቀጣል።

ጥያቄ፦ አበባ ከሌለ ታዲያ ተራራው በሌላው ጊዜ ለምን ሰማያዊ ይመስላል? ደኑስ ለምን ሸለቆው ውስጥ ብቻ ተወሸቀ፣ ሰው ቆርጦት ነው? (የጂኦግራፊ መምህር)

መልስ፦ ሰማያዊው የሚመጣው ከአየሩ ነው። በእርስዎና በሩቁ ተራራ መካከል ያለው አየር ከብርሃን ሁሉ ሰማያዊውን አብዝቶ ስለሚበትን፣ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ሰማያዊው ይደምቃል። ዝናም ባጠበው ማለዳ ከሜዳው ወደ ላይ ማየት ነው፤ ኡቲ መሀል ቆሞ አይታይም።

ደኑን በተመለከተ፣ ሸለቆ ሸለቆውን የያዘው ጥቅጥቅ ደን ሾላ ይባላል። ጉብታውን የያዘው ሣር በአብዛኛው የተፈጥሮ ነው። አንዱ ምክንያት ውርጭ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ገላጣው ሣር ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና በረዶ ይሠራል፣ ከደኑ ጫፍ አልፎ የበቀለውን ችግኝ ይገድለዋል። ደኑ ውስጥ ግን ቅጠሉ እንደ ጣሪያ ሙቀቱን ስለሚይዝ ችግኙ ይተርፋል። እሳትና ነፋስም ያግዛሉ። ዛሬ ይህን ድንበር እያፈረሰ ያለው ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ኒልጊሪ የገባው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው፣ እኛ ጋ ከመድረሱ አስቀድሞ፤ ከግራር መሰሉ ዋትል ጋር ሆኖ ብዙ ሣራማ ጉብታ ውጧል። ለዚያ ምድር የሚያስቡ ሰዎች የሚያዝኑት በዚህ ነው፤ ሣሩ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ ወንዞቹን ይመግብ ነበርና።

ለአዳማ ልጅ ውርጭ ብርቅ ስለሆነ ተማሪዎችዎን ካስጓዙ በጥር ጎሕ ሲቀድ ታላይኩንዳ የተባለው ሜዳ ላይ ያድርሷቸው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅታው ይወርዳል፣ በረዶውም እዚያ ይነጣል። ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣል። ጓንትና ወፍራም ካልሲ ግድ ነው፤ በአዳማ ሹራብ አይቻልም።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ነው የምንሄደው። ህንድ የጾም ምግብ ሞልቷል ይባላል፣ እውነት ነው? (እህታችሁ)

መልስ፦ ይጠንቀቁ። «ቬጅ» የሚል ምልክት ሥጋና እንቁላል የለውም ማለት ነው እንጂ ወተትና ቅቤ የለውም ማለት አይደለም። በታሚል ወተት «ፓል»፣ የተነጠረ ቅቤ «ነይ»፣ እርጎ «ታይር» ይባላል፤ ሦስቱንም ስም ጠርተው «ቬንዳም» (አልፈልግም) ይበሉ። ከሩዝና ከጥቁር ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ሊጥ ቦክቶ የሚሠራው ኢድሊ በእንፋሎት ስለሚበስል አስተማማኙ እሱ ነው። ዶሳ በዘይት እንዲጋገር ካልነገሩ ቅቤ ይቀቡታል። ሻይ ከወተት ጋር ተፈልቶ ስለሚመጣ «ብላክ ቲ» ብለው ይዘዙ።

ጥያቄ፦ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለን። ምን እንይ፣ ምን እንተው? (ወጣት ባልና ሚስት)

መልስ፦ ሐይቁን ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ጆን ሱሊቫን የተባለ እንግሊዛዊ አስተዳዳሪ ያስገደበው ሰው ሠራሽ ውሃ ነው፤ ዝዋይንና ሐዋሳን ላየ ሰው ለጀልባው ወረፋ መቆም ጊዜ ማባከን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ማለዳ 2,637 ሜትር ወደሚደርሰው ዶዳቤታ ጫፍ ውጡ፣ ከከተማው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረፋዱ ላይ ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር ጉም ሆኖ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ሰው ነጭ ግድግዳ አይቶ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1848 የተጀመረውን የእጽዋት መናፈሻ እዩ፤ 20 ሚሊዮን ዓመት የተባለ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ግንድ አለ። ከመናፈሻው በላይ የቶዳ ሕዝብ መንደር ይገኛል። ቤታቸው በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ የተደፋ ይመስላል፣ በሩም ተንበርክከው ካልሆነ አያስገባም። የጎሽ ወተት የሚናጥበት ቤት ለእነሱ ቤተ መቅደስ ነው፤ አትጠጉት፣ ሳትጠይቁም ፎቶ አታንሱ። ሴቶቹ በነጭ ጥጥ ላይ በቀይና በጥቁር ክር የሚጠልፉትን ሥራ ከራሳቸው እጅ ግዙ፤ ገበያ ላይ በማሽን የተሠራ አስመሳይ አለ። የእጁን ሥራ ለመለየት ገልብጡት፤ ክር እየተቆጠረ የተጠለፈ ነው፣ የማሽኑ ግን ጀርባው ላይ ሌላ ክር ወይም የተለጠፈ ጨርቅ ይታይበታል።

ሁለተኛውን ቀን ለባቡሩ ተዉት። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ከኡቲ ተነሥታችሁ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ሜቱፓላያም ትደርሳላችሁ።