ደም የተቋረጠበት ልብ ራሱን የሚከላከለው እስከ መቼ ነው? ለደሴ የጤና ተማሪዎች

በደሴ ሕክምና፣ ነርስነትና ፋርማሲ የምትማሩ ልጆቼ፣ በልብ ሕክምና ያረጀሁ ሰው ነኝና በፊዚዮሎጂ ክፍል ለፈተና ስትሉ የምትሸመድዱትን የፖታሲየም መተላለፊያ እስከ ሕመምተኛው አልጋ ድረስ ይዛችሁት እንድትመጡ እለምናችኋለሁ።

በልብ ጡንቻ ሕዋስ ሽፋን ላይ የኤቲፒን (ሕዋሱ ለሥራው የሚጠቀምበትን የኃይል ሞለኪውል) መጠን የሚከታተሉ የፖታሲየም መተላለፊያዎች መኖራቸውን ጃፓናዊው አኪኖሪ ኖማ በ1983 እ.ኤ.አ. አሳየ። ኤቲፒ በበቂ መጠን እስካለ ድረስ ዝግ ናቸው፤ ደም ተቋርጦ ኃይል ሲያልቅ ግን ይከፈታሉ፣ ፖታሲየም ይወጣል፣ የሕዋሱ የኤሌክትሪክ ምት ያጥራል፣ የሚገባው ካልሲየም ይቀንሳል፣ ጡንቻውም መኮማተሩን ያላላል። ጎተራው መጉደሉን ያየ ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እንደሚለይ፣ ሕዋሱም ለሕልውናው የሚያስፈልገውን ጥቂት ኃይል ያተርፋል።

በ1986 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ሙሪ፣ ጄኒንግስና ራይመር የውሻን የልብ ደም ቧንቧ አራት ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ እየዘጉ ከከፈቱ በኋላ ለ40 ደቂቃ ሲዘጉት፣ የሞተው ጡንቻ እንዲህ ካልተዘጋጀው ልብ ሩብ ያህል ብቻ ሆነ። በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ እነዚህን መተላለፊያዎች የሚዘጋው የስኳር ሕመም መድኃኒት ግሊቤንክላሚድ ሲሰጥ ያ ጥበቃ በውሻ ልብ ላይ እንደጠፋ ታየ። ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን የ1986ቱን ሥራ ሌላውን ግማሽ ነው፦ ደም ቧንቧው ለሦስት ሰዓት ሲዘጋ በተዘጋጀውና ባልተዘጋጀው ልብ መካከል ልዩነት አልተገኘም። መተላለፊያው ጊዜ ይሰጣል እንጂ ደም አይመልስም።

ይህን የምለው የእኛን አገር መንገድ ስለማውቀው ነው። ከኩታበር ወይም ከወረኢሉ የመጡ አባት ግንባራቸው በላብ ተጠምቆ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ጨጓራዬ ነው» ይላሉ፤ ቤተሰቡም «አብሽር» እያለ ያጽናናቸዋል። እናንተ ግን ሕመሙ መቼ እንደጀመረ በሰዓት ጠይቁ፣ እንደደረሱም በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ምርመራ) አንሡ። ቀደም ሲል መጣ ሄድ ያለ የደረት ሕመም ልብን በመጠኑ አዘጋጅቶት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም። ክንድን በደም ግፊት መለኪያ ደጋግሞ በማጥበቅና በማላላት ጥበቃውን ለመቀስቀስ የተደረገው፣ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣውና ከ5,000 በላይ ሕመምተኞችን ያካተተው ጥናትም ሞትንና የልብ ድካምን አልቀነሰም።

የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ የሚወስዱትን መድኃኒት ከነፌስታሉ አሳዩኝ በሉ። ግሊቤንክላሚድ ከሆነ በመዝገቡ ላይ ጻፉ፣ ለሐኪሙም ንገሩ፤ በእንስሳት ላይ የታየው በሰው ላይ በዚያው ልክ ስላልተረጋገጠ ግን በራሳችሁ ውሳኔ አቁሙ አትበሏቸው።